መውጣትና መቆየት፤ ስለ ዱራሜ የእግር ኳስ ክለብ

አንድን ከተማ ከሌላው ከተማ ጋር የሚያስተዋውቀው ንግድና መንገድ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱና ገበያው፥ የሊቃውንቱና የጀግኖቹ ስም እንደሚያስጠራው ሁሉ፥ ጨዋታም የአንድን አገር ስም ከተወለደበት ቀበሌ አንሥቶ ወደ ሩቅ ያደርሳል። ነገር ግን ስሙ በሩቅ የተጠራለት ሕዝብ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ወደ ከፍታ መውጣት አንድ ነገር፥ በከፍታ ላይ መቆየት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። የመጀመሪያው በአንድ ዓመት ትጋትና በጥቂት ሰዎች ጉልበት ሊገኝ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን የብዙ ዓመት መሠረትና የብዙ ሰው ኅብረት ካልታከለበት አይገኝም። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አገር ሄዶ ምሳሌ መፈለግ አያሻም፤ የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ዱራሜ በ2016 ዓ.ም. በእግር ኳስ ያሳለፈችው ዓመት ይበቃል።

ሀምበሪቾ ዱራሜ የሚባለው ክለብ ስሙን የወሰደው በከተማዋ አቅራቢያ ከቆመው ከሀምበሪቾ ተራራ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው ሲሆን፥ በከምባታ ሕዝብ ዘንድ የጥንት መታሰቢያ ሆኖ ይከበራል፤ በቅርብ ዓመታትም 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት እንግዳ የሚጎበኘው ስፍራ ሆኗል። በዚህ ስም የሚጠራው ክለብ በ2015 ዓ.ም. በከፍተኛ ሊግ ተወዳድሮ፥ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ከሻሸመኔ ከተማ ጋር ወደ ፕሪምየር ሊግ ለመግባት በቃ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ስለ ተመሠረተ፥ የክለቡ መውጣት ከክልሉ መቋቋም ጋር ገጥሞ የዱራሜ ሰው ደስታ በደስታ ላይ የተደረበለት ሆነ።

የዚህን ደስታ ክብደት ለመመዘን ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይጠቅማል። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የክለቦች ውድድር በአዲስ አበባ ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ የኢትዮጵያውያን የነበረው በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲሆን፥ የቀሩት የእንግሊዝ ወታደሮች፥ የጣልያኖች፥ የግሪኮችና የአርመኖች ነበሩ። በዋና ከተማው አንድ ሜዳ ላይ፥ አብዛኛው በውጭ አገር ሰዎች የተጀመረው ጨዋታ፥ ሰማንያ ዓመት ሳይሞላው በእንሰት ተክል መካከል ያደጉ ልጆች እንኳ ሊደርሱበት የሚመኙት መድረክ ሆነ። ስለዚህ ሀምበሪቾ ከአገሪቱ 16 ታላላቅ ክለቦች አንዱ ሆኖ መቈጠሩ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ዓመቱ ግን እንደ ምኞቱ አልሆነም። እያንዳንዱ ክለብ 30 ጊዜ ተጫውቶ ሒሳቡ ሲዘጋ፥ ሀምበሪቾ ዱራሜና ሻሸመኔ ከተማ የሰንጠረዡን መጨረሻ ይዘው ወደ ታች ወረዱ። በአንድ ዓመትና በአንድ በር ከእነርሱ ጋር የገባው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ግን የዚያኑ ዓመት ዋንጫ ወሰደ። ሦስት መንገደኞች አንድ ደጅ አንኳኩተው አብረው ገቡ፤ አንዱ በወንበሩ ራስ ተቀመጠ፥ ሁለቱ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ተመለሱ። ይህ ልዩነት በዕድል ብቻ የመጣ አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። በአንዱ ወገን የአገሪቱ ታላቅ ባንክ ቆሟል፤ በሌላው ወገን ያለው ደግሞ ከትምህርት ቤት፥ ከጤና ጣቢያና ከመንገድ ሥራ ጋር እየተሻማ የሚገኝ የአንድ ከተማና የአንድ ዞን በጀት ነው። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ እኩል ዐሥራ አንድ ሰው አሰልፈዋል፤ ከሜዳው ውጭ ያለው ስንቅ ግን እኩል አልነበረም።

ከዚህም ሌላ የዱራሜ ሕዝብ የራሱን ክለብ በራሱ ሜዳ ለማየት አልታደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው እንዲደረጉ ተወስኖ ነበር፤ በዚያ ዓመት ተላላፊው በሽታ ስለ ነበረና ጨዋታዎቹም በዲኤስቲቪ በኩል በቴሌቪዥን መታየት ስለ ጀመሩ፥ ውሳኔው ምክንያት የሌለው አልነበረም። በ2016 ዓ.ም.ም ውድድሩ የተካሄደው በአዳማ፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነው። በዓመቱ ከተደረጉት 240 ጨዋታዎች አንዱ እንኳ ወደ ዱራሜ አልመጣም። ገበሬውና ነጋዴው፥ ተማሪውና የኔታው የልጆቻቸውን ስም የሰሙት በሬዲዮና በመስኮተ ትርኢት ነው። ቡድኑም ከሰኞ እስከ እሑድ በእንግዳ ከተማ፥ በሆቴል ኪራይና በመንገድ ወጪ ኖረ። ከሜዳው ደጃፍ የሚሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ፥ በጨዋታው ቀን የሚሸጠው ቡናና ዳቦ፥ የእንግዳ ማረፊያዎች ገቢ፥ ይህ ሁሉ ለሌላ ከተማ ሆነ። ለዱራሜ የቀረላት ስሟና ወጪው ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዐይነት ተናጋሪዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያዎቹ «ክለቡ ከተማውን አዋርዷል፤ ባይወጣ ይሻል ነበር» የሚሉ ናቸው። ይህ አነጋገር ከሚዛን የወጣ ነው። መውደቅ የሚያሳፍረው ሳይሞክር የተቀመጠ ሰው በሞከረው ላይ ሲስቅ ነው እንጂ፥ የሞከረውን አያሳፍረውም። ለዚህም ምስክሩ ቅርብ ነው። የጎረቤቱ የሆሳዕና ከተማ ክለብ ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊግ ተጫውቶ በአንድ ዓመት ወርዶ ነበር። ነገር ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ በ2011 ዓ.ም. ተፋልሞ ለ2012 ዓ.ም. ውድድር ተመልሶ ገባ። ያ ውድድር በበሽታው ምክንያት ከመፈጸሙ በፊት ቢሰረዝም፥ ሀዲያ ሆሳዕና በተከታዮቹ ዓመታት ከታላላቆቹ ጋር ሲጫወት ቈየ። ከዱራሜ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ያለ ወንድም የሠራውን ሥራ፥ ዱራሜ ልትሠራው የማትችልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛዎቹ ተናጋሪዎች ደግሞ «ለጨዋታ የሚወጣ የመንግሥት ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው» ይላሉ። እነዚህ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ሊሰሙ ይገባቸዋል፤ ቃላቸው የሚወጣው ከንቀት ሳይሆን ከችግር ነውና። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በቀድሞው የደቡብ ክልል በነበሩ አንዳንድ ወረዳዎች የመምህራንና የሌሎች መንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ከጊዜው እየዘገየ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲወስኑ፥ ጣራ ተብሎ የተቈረጠው ያ ገንዘብ ራሱ የአንድ መምህር ደመወዝ ብዙ እጥፍ ነበር። ደመወዙን በጊዜው ያላገኘ መምህር፥ ከከተማው ሣጥን ለአንድ ዓመት የተቀጠረ ተጫዋች የሚከፈለውን ቢሰማ ልቡ ማዘኑ አይፈረድበትም። ይህን ኀዘን በጭብጨባ ለመሸፈን የሚሞክር ሹም ቢኖር፥ ጭብጨባው ያለቀ ቀን ኀዘኑ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀዋል።

እንዲህም ሆኖ መልሱ ጨዋታውን መተው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፥ በዚያን ጊዜ ከምባታ ጠምባሮ ይባል የነበረው ዞን ከ680,000 በላይ ሰው ይኖርበት ነበር፤ ይህም በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት 500 ያህል ሰው ማለት ነው። አባት ለልጁ የሚያካፍለው መሬት በጠበበበት በዚህ አገር፥ ወጣቱ ሥራና ስም ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን መንገድ ለብዙ ዓመታት ሲይዝ ኖሯል። ያ መንገድ ምን ያህል አስጨናቂ እንደ ሆነ፥ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ አገር ቴቴ በተባለው አውራጃ 64 ኢትዮጵያውያን በተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው መገኘታቸው ለዓለም ሁሉ አስረድቷል። ልጅ በአገሩ የሚቀመጠው እንጀራ ሲያገኝ ብቻ አይደለም፤ የሚከበርበትና ስሙ የሚጠራበት ቦታ ሲኖረውም ነው። ሥርዓት ያለው ጨዋታ ይህን ቦታ ይሰጣል፤ ገላን ያጠነክራል፥ ትዕዛዝ መቀበልን ያስተምራል፥ ከመጠጥና ከሥራ ፈትነት ያርቃል፥ የአንዱን ቀበሌ ልጅ ከሌላው ቀበሌ ልጅ ጋር ያወዳጃል። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ» የሚል ሳይሆን፥ «የወጣው ገንዘብ በማን ላይ ዋለ፥ ምንስ ትቶ አለፈ» የሚል መሆን አለበት።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች፥ በመንግሥት ድርጅቶችና በባንኮች ገንዘብ ነው። አንድ የከተማ ክለብ ወደ ላይኛው ሊግ በወጣ ጊዜ፥ አስተዳዳሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቡት ስም ያላቸውን ተጫዋቾች ከሌላ ቦታ ስለ ማስመጣት ነው። ውሉም ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ይሆናል። ክለቡ ሲወርድ ተጫዋቹ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል፤ ይህም መብቱ ነው፥ አይነቀፍበትም። ለከተማው ግን የሚቀርለት የለም። ገንዘቡ ሜዳ አልሆነ፥ አሠልጣኝ አላፈራ፥ ሕፃን አላሳደገ። ቤቱን ከጣራው የጀመረ ሰው ዝናም ሲመጣ የሚጠለልበት ግድግዳ እንደማይኖረው፥ የከተማው ክለብም በላይ ያለው ሲነሣበት በታች የሚይዘው ያጣል። ግንብ ሊሠራ የተነሣ ሰው ለመጨረስ የሚበቃውን ወጪ አስቀድሞ ተቀምጦ እንዲያስብ፥ ያለዚያ ግን ለአላፊ አግዳሚ መሣቂያ እንደሚሆን በወንጌል የተነገረው ምሳሌ ለግንበኞች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በጀት ለሚያጸድቁ ሹማምንትም ነው።

ይህን የሚያበራ ሌላ ምሳሌ በእስፓንያ አገር ይገኛል። ኤይባር የምትባል 27,000 ያህል ነዋሪ ያላት ትንሽ የፋብሪካ ከተማ፥ በ2006 ዓ.ም. ክለቧ ወደ አገሪቱ የመጀመሪያ ሊግ ለመውጣት በቃ። ነገር ግን ሕጉ ክለቡ ካፒታሉን በ1.7 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንዲያሳድግ ያስገድድ ነበር፤ ያን ካላደረገ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ታች እንዲወርድ ይፈረድበት ነበር። ክለቡ ዕዳ አልነበረበትም፤ ግን ይህን ያህል ገንዘብ በሣጥኑ አልነበረውም። ባለጠጋ ፈልጎ ራሱን ከመሸጥ ይልቅ፥ ማንም ሰው ከ100,000 ዩሮ በላይ እንዳይገዛ ደንግጎ አክሲዮኑን ለሕዝብ አቀረበ፤ ከብዙ አገሮችም ሰዎች በየዐቅማቸው ገዝተው ገንዘቡ ሞላ። በመጀመሪያው ዓመት ክለቡ ከሚወርዱት መካከል ሆኖ ጨረሰ። ነገር ግን ከእርሱ በላይ የነበረው ኤልቼ የተባለው ክለብ በዕዳው ምክንያት እንዲወርድ ስለ ተፈረደበት፥ ዕዳ የሌለበት ኤይባር በስፍራው ቀረ። ከዚያም እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በጠቅላላው ሰባት ዓመት በዚያ ሊግ ኖረ። እንግዲህ በሜዳ ላይ የተሸነፈውን ክለብ ያተረፈው የሒሳቡ ንጽሕና መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለዱራሜና ዱራሜን ለሚመስሉ ከተሞች የሚበጀው ምንድን ነው? አንደኛው ነገር ሜዳና ሕፃናት ናቸው። ከተማው ለክለቡ ከሚመድበው ገንዘብ የታወቀ ድርሻ በየትምህርት ቤቱ ለሚደለደል ሜዳ፥ ለኳስና ለአሠልጣኞች ትምህርት እንዲውል በውሳኔ ማጽናት ይገባል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለክለቦች ፈቃድ የሚሰጥበት ደንብ፥ የክለቡን የሜዳ፥ የአስተዳደር፥ የሕግና የገንዘብ ጉዳይ ከመመርመሩ ጋር የወጣቶችን ሥልጠናም ይጠይቃል። ይህ ደንብ እንደ ዕዳ የሚታይ ሳይሆን እንደ መካሪ የሚወሰድ ነው። ዛሬ ዐሥር ዓመት የሆነው ልጅ ከስምንት ዓመት በኋላ የክለቡን መለያ ቢለብስ፥ ክለቡ ቢወርድ እንኳ እርሱ የከተማው ልጅ ነውና ከቤቱ አይጠፋም።

ሁለተኛው የሒሳብ ነገር ነው። ለክለቡ የተመደበው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ለደመወዝ ምን ያህል፥ ለመንገድና ለሆቴል ምን ያህል እንደ ወጣ በየዓመቱ በምክር ቤቱ ፊት ተነብቦ ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል። የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ ሳይከፈል የክለቡ ሣጥን እንዳይከፈትም ሥርዓት ማበጀት ያስፈልጋል። ይህ የሚጐዳው ክለቡን አይደለም፤ ይልቁንም ክለቡን ከሐሜት ያድነዋል። የማይታወቅ ወጪ ጠላት ያበዛል፤ የታወቀ ወጪ ግን ወዳጅ ያፈራል።

ሦስተኛው የሕዝቡ ባለቤትነት ነው። የከምባታ ሕዝብ በኅብረት መሥራትን ከሌላ የሚማር ሕዝብ አይደለም። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚረዳበትና የሚዳኝበት፥ በአገሩ ቋንቋ «ሴራ» የሚባል የቈየ ማኅበር አለው፤ ዕድሩና እቁቡም እንደሌላው አገር የታወቀ ነው። ለቀብርና ለሰርግ የሚዋጣው ሳንቲም ምን ያህል ታላቅ ሥራ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሕዝብ፥ በትንሽ አክሲዮን የክለቡ ባለቤት ቢሆን አይበዛበትም። በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩት የዚያ አገር ተወላጆችም መውጣቱን ሲሰሙ እንደ ተደሰቱ ሁሉ፥ በመውረዱ ጊዜ ደግሞ እጃቸውን እንዲዘረጉ መጋበዝ ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ጊዜ የተባለ ይመስላል።

አራተኛው ውድድሩን የሚያስተዳድሩትን ይመለከታል። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ዋጋ ማስገኘቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከላይኛው ሊግ የሚገኘው ጥቅም ከላይ ላሉት ብቻ ከቀረ፥ ከታች የሚወጣው ሁሉ እንደ ሀምበሪቾ ለአንድ ዓመት እንግድነት የሚመጣ ይሆናል። አዲስ ለሚወጡ ክለቦች የሜዳና የወጣት ሥልጠና ድጋፍ ማሰብ፥ ጨዋታዎችንም ሜዳቸውን ወዳሳደጉ መለስተኛ ከተሞች በየተራ ማቅረብ የጠቅላላውን አገር ጨዋታ ያሳድጋል። አንድ ሕፃን በሜዳው ዳር ቆሞ በዐይኑ ያየው ጨዋታ፥ በመስኮት ካየው መቶ ጨዋታ ይልቅ በልቡ ያድራል።

በመጨረሻም የየሃይማኖቱ አባቶች በዚህ ጉዳይ ያላቸው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ጨዋታ የዓለም ነገር ነው ብለው ፊታቸውን ቢያዞሩ ወጣቱ ያለ እረኛ ይቀራል። ነገር ግን የጨዋታው ሰዓት ከጸሎቱ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ከአሠልጣኞቹ ጋር ቢመካከሩ፥ የተሸነፈውን እንዲያጽናና የአሸነፈውም እንዳይታበይ ቢመክሩ፥ በሜዳ ዳር ስድብና ጠብ እንዳይነሣ ቢገሥጹ፥ ቃላቸው ከዳኛው ፊሽካ ይልቅ ይሰማል። ሀምበሪቾ በተሸነፈበት ዓመት ከተማው ልጆቹን በፍቅር ከተቀበለ፥ ያ ፍቅር ራሱ ለሚመጣው ዓመት ስንቅ ነው።

የሀምበሪቾን ተራራ የሚወጣ ሰው 777ቱን ደረጃዎች አንድ በአንድ ይረግጣል እንጂ በዝላይ አይደርስም፤ ሲደክመውም በመካከል ዐርፎ እንደገና ይነሣል። የዱራሜ ክለብም በ2016 ዓ.ም. ከጫፉ ደርሶ ተመልሷል፤ መንገዱን ግን ዐውቆታል። ከእንግዲህ የሚጠበቀው ከታች ጀምሮ ደረጃውን የሚሠራ ሹም፥ ሒሳቡን የሚጠይቅ ሕዝብና ልጆቹን የሚመክር አባት ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተገኙ፥ ስሙ ሁለተኛ የተጠራ ዕለት እንግዳ ሆኖ አይገባም፤ ባለቤት ሆኖ ይቀመጣል እንጂ።